ሃያሲው ምስክር ነው፦ ስለ አዳዲስ አልበሞች የሚጻፍ ሂስ



አዲስ አልበም ወጣ በተባለ ቀን ሁላችንም አንድ ጥያቄ እንጠያየቃለን። «እንዴት ነው?» መልሱም ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አይበልጥም። «ይመቻል»፣ «ምንም አይልም»፣ «የበፊቱ ይሻላል»። ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ እንዲህ ያልን ሁሉ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የሃያሲ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ዛሬ የማነሣው ይህንን ጥያቄ ሥራዬ ብለው በጽሑፍ ስለሚመልሱ ሰዎች ነው። በተለይም ኢንዲና አልተርኔቲቭ ስለሚባሉት አዳዲስ አልበሞች የሚጻፈው ሂስ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚስትና ለምን እንደሚያስፈልገን እናያለን።

የምናገረውን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ስለ አዲስ አልበም የሚጽፍ ሰው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛ ከፈረደ መዝገቡ ይዘጋል። ምስክር ግን የሰማውን፣ የት ቆሞ እንደሰማና ምን ያህል እንደሰማ ተናግሮ ይወርዳል። መዝገቡ አይዘጋም፤ ሌላ ምስክር ይመጣል። በሙዚቃ ሂስ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ትልልቅ ስሕተቶች የመጡት፣ በእኔ እምነት፣ ምስክሩ የዳኛውን ካባ በደረበ ጊዜ ነው።

ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አልበሞቹ የወጡበት ጊዜ የተመዘገበው በዚያው ስለሆነ።

ስሞቹ ከየት መጡ

«ኢንዲ» የሚለው ቃል ሲጀመር የሙዚቃ ስልት ስም አልነበረም። ራሱን የቻለ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ሲሆን የሚናገረው ስለ ገንዘብና ስለ ባለቤትነት ነበር፤ ሸክላውን ማን አሳተመው፣ በማን ገንዘብ ተቀረጸ የሚለውን። በጥር 1977 በዝኮክስ የተባሉ የማንቸስተር ወጣቶች ከወዳጅ ከዘመድ 500 ፓውንድ ተበድረው «ስፓይራል ስክራች» የተባለች አራት ዘፈን የያዘች ሸክላ በራሳቸው አሳተሙ። መጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። እሱ አለቀና ደጋግሞ መታተም ነበረበት። የለንደን ትልልቅ ኩባንያዎችን ደጅ ሳይጠኑ ሸክላ ማውጣት እንደሚቻል ስላሳዩ ከእነሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ይህን እያወቀ በራሱ ገንዘብ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ የዘመናዊ ሙዚቃችን መዝገብ ሆነው ይጠቀሳሉ። ኢንዲ የሚለውን ስም ማንም ባይሰጠውም ሥራው ያው ነበር።

«አልተርኔቲቭ» የሚለው ደግሞ በ1980ዎቹ በአሜሪካ የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዙሪያ የጎለመሰ ስም ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የማያስጠጉት ሙዚቃ በዚህ ስም ተጠራ። በመስከረም 1991 በዚሁ ስም የሚጠራው ኒርቫና የተባለ ቡድን «ኔቨርማይንድ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ አሳታሚ ኩባንያው ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ ዙር 50,000 ቅጂ እንኳ አይሞላም ነበር። ሮሊንግ ስቶን መጽሔትም ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጠው። በጥር 1992 ግን ይኸው አልበም የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ አወረደው። ሦስት ኮከብ ስድብ አይደለም። ሆኖም ያ ጽሑፍ የሚመጣውን ጎርፍ አላየውም፤ ሊያይም አይችልም ነበር። ምስክር የሚናገረው ያየውን ነው።

ሂስ እንዴት ይጻፋል

አልበም ሊወጣ ሲል ኩባንያው ወይም ሙዚቀኛው ራሱ ቅጂውን አስቀድሞ ለሃያስያን ይልካል። ሃያሲው ይሰማል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ይጽፋል፤ ጽሑፉም አልበሙ በሚወጣበት ሰሞን እንዲታተም ይፈለጋል። ሙዚቀኛው ሁለትና ሦስት ዓመት የለፋበትን ሥራ ሃያሲው አንዳንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሰምቶ፣ መዝኖና ጽፎ ማስረከብ አለበት።

በጽሑፉ አናት ላይ የሚቀመጠው ምልክትም የራሱ ታሪክ አለው። ሮበርት ክሪስጋው በ1969 በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ላይ አጫጭር ግምገማ መጻፍ ሲጀምር እንደ ትምህርት ቤት በፊደል ማርክ ይሰጥ ነበር። መጽሔቶች በኮከብ ቆጠሩ። በ1996 በሚኒያፖሊስ አካባቢ አንድ ወጣት የጀመረው ፒችፎርክ የተባለ የኢንተርኔት መጽሔት ደግሞ ከ0.0 እስከ 10.0 በነጥብ መከፋፈልን አመጣ። በ2000ዎቹ ውስጥ ይህ ቁጥር በኢንዲ ዓለም ትልቅ ሥልጣን ነበረው። አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ማንም የማያውቀውን ቡድን አዳራሽ ያስሞላለት ነበር፤ አንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ደግሞ ሰው ሳይሰማው ስሙን ያጎድፈው ነበር።

እስቲ በ7.8 እና በ8.1 መካከል ያለውን ልዩነት በጆሮ አሳዩኝ። ማንም አይችልም። ቁጥር የሚዛን መልክ አለው፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ፍርድ መስሎ ይታየናል። ከሥሩ ያለውን ስምንት መቶ ቃል የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ቁጥሩን ግን ሁሉም ይዞት ይሄዳል።

ዐሥር ምት የሚቆጥር ኪቦርድ

አሁን አንድ አልበም ቀረብ ብለን እንይ። በጥቅምት 2000 የእንግሊዙ ሬዲዮሄድ ቡድን «ኪድ ኤ» የተባለውን አራተኛ አልበሙን አወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣው «ኦኬ ኮምፒውተር» በጊታር ሙዚቃ ዓለምን ያስጨበጨበ ነበርና አድማጩም ሃያሲውም ሁለተኛውን «ኦኬ ኮምፒውተር» ይጠብቅ ነበር። አልመጣም። እንደ ልማዱ ቀድሞ የሚለቀቅ ነጠላ ዜማም አልነበረም።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲከፈት ጊታር የለም። አንድ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብቻውን አንዲት ሐረግ ይዞ ይዞራል። ሐረጓ የተለመደውን አራት ምት አትከተልም፤ ዐሥር ቆጥራ ነው ወደ መነሻዋ የምትመለሰው። በአራት በአራት እግሩን እየመታ የሚሰማ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ እግሩና ኪቦርዱ ይለያያሉ። ኪቦርዱ አልሳተም፤ አቆጣጠሩ ሌላ ነው። ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ ተቆራርጦ፣ ቃል ሳይሆን የቃል ስባሪ ሆኖ ከወዲያና ከወዲህ ይመጣል። በመጀመሪያ መስማት ይህ ሁሉ ግራ ያጋባል። በአምስተኛው ግን፣ ጆሮ ዐሥሩን ምት ሳይቆጥር ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ ያቺ ሐረግ እንደ እስትንፋስ ትቀልላለች።

ሃያስያኑ ምን አሉ? የለንደኑ ሜሎዲ ሜከር መጽሔት ከአምስት አንድ ተኩል ሰጠው። ፒችፎርክ 10.0 ሰጠው። ደራሲው ኒክ ሆርንቢ ደግሞ በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ፣ ይህ አልበም የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጊዜ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው እጅ ላይ የሌለ ነገር ነው የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2009፣ ፒችፎርክም ሮሊንግ ስቶንም የዐሥርቱን ዓመታት አልበሞች ደረጃ ሲያወጡ አንደኛ ያደረጉት «ኪድ ኤ»ን ነበር።

ከሦስቱ በድምዳሜው ባልስማማም የማከብረው የሆርንቢን ነው። አልበሙን አልወደደውም፤ ግን የት ቆሞ እንደሰማው ነገረን። እኔ እንዲህ ያለ ዕድሜ ላይ ያለሁ፣ እንዲህ ያለ ኑሮ ያለኝ ሰው ነኝ፤ በዚህ ኑሮ ውስጥ ይህ ሙዚቃ ቦታ አላገኘም ማለቱ ነው። አንባቢው ከዚያ በኋላ ራሱን መመዘን ይችላል፤ ጊዜ ያለው ጊዜውን ይሰጠዋል። ይህ ምስክርነት ነው። አልበሙ ኋላ መወደዱም ሆርንቢን ሐሰተኛ ምስክር አያደርገውም።

እኔ ግን ምን ያህል እንደሰማሁ ሳልናገር ፈርጄ በድያለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ወጣት ቡድን የመጀመሪያ አልበም ደረሰኝና በአንድ ሌሊት ሰምቼ በማግስቱ ጽሑፌን ሰጠሁ። ከሀገራችን ዜማ ጋር ዝምድና የሌለው፣ የተዋሰውን ጊታር ብቻ የሚያስጮኽ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ የቡድኑ አቀናባሪ ደወለልኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አራተኛውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምተውታል?» አለኝ። አልሰማሁትም ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ሰምቼ ገባኝ ብዬ አልፌዋለሁ። ያን ምሽት ከፈትኩት። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ጊታሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ከበሮው ይቆማል፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሲሸከመው የነበረውን ዜማ በመጨረሻ ማሲንቆ ብቻውን ይዞት ይቀራል። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ አምባሰል ነበር። ማስተካከያ ጻፍኩ። ግን የመጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ሁለተኛውን እንደማያነብ አውቃለሁ፤ ያም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ቅኔ ቤት ውስጥ ግን አይቸኮልም፤ ባለቅኔው ቅኔውን ሲያወርድ «ይበል!» የሚለው ሰው ምሥጢሩ የገባው ነው። ያልገባው ሰው እንደገና ያስደግማል፣ ይጠይቃል፣ ያወጣል ያወርዳል። ሳይገባው የሚያጨበጭብም፣ ሳይገባው የሚነቅፍም በዚያ ቤት ክብር የለውም። የአልበም ሂስ ከዚህ ቤት ብዙ መማር ይችላል።

«ከቤታችን ለምን ወጣሽ?»

የሚጣደፍ ጆሮ አንድ ፈተና ነው። የሚጠብቅ ጆሮ ሌላ ፈተና ነው። ዊዘር የተባለው የሎስ አንጀለስ ቡድን በ1994 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ደስተኛ፣ ቀልጣፋና በቀላሉ አፍ ላይ የሚቀሩ ዘፈኖች ባለቤት ሆኖ ታወቀ። በ1996 «ፒንከርተን» ሲመጣ ግን ድምፁ ያልተወለወለ፣ ግጥሙ የብቸኝነትና የኀፍረት ኑዛዜ ሆነ። ሃያስያን ቀዘቀዙበት፤ የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ መረጡት። ዘፋኙና ደራሲው ሪቨርስ ኩሞ ራሱ ከዓመታት በኋላ በሥራው ማፈሩን በአደባባይ ተናገረ።

በዚያው ጊዜ ግን ወጣቶች አልበሙን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ይሰሙት ነበር። ያ የኀፍረት ኑዛዜ የእነሱም ነበር። ከእነሱ መካከል ቡድን ያቋቋሙት ድምፁን ወደ ራሳቸው ሙዚቃ ወሰዱት። በ2004 ሮሊንግ ስቶን አልበሙን እንደገና ገምግሞ አምስት ኮከብ ሰጠው። በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሚጠበቀው ነገር ነው። በ1996 የሰሙት ሰዎች ከአልበሙ ጋር አብረው የበፊቱን ዊዘር ይሰሙ ነበር።

የሊዝ ፌር ታሪክ ከዚህ ይመርራል። በ1993 ማታዶር በተባለው ነጻ አሳታሚ በኩል ያወጣችው «ኤግዛይል ኢን ጋይቪል» የኢንዲ ሙዚቃ ኩራት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2003 በትልቁ ካፒቶል ኩባንያ በኩል፣ የፖፕ ዘፈን በማቀናበር የታወቁ ሰዎችን ይዛ፣ በስሟ የተሰየመ አልበም አወጣች። ፒችፎርክ የሰጣት 0.0 ነበር። ባዶ።

ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? በአልበሙ ውስጥ የሚዘፍን ሰው አለ፣ ዜማ አለ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመታ ከበሮ አለ። ባዶው የድምፁ ልክ አልነበረም። «ከቤታችን ለምን ወጣሽ?» የሚል ቁጣ ነበር። ኢንዲ የባለቤትነት ጉዳይ ሆኖ ጀምሮ የወገን ጉዳይ ሆኖ ነበርና፣ ወገኑን ለቅቃ የሄደች ሴት ላይ ፍርድ ተሰጠ። ጽሑፉን የጻፈው ሃያሲ በ2019 በግልጽ ይቅርታ ጠየቀ። መጽሔቱ በ2021፣ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ቀድሞ ከሰጣቸው ቁጥሮች የ19 አልበሞችን ለውጦ የእሷን 6.0 አደረገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ክቡር ነገር ነው፤ ለጠየቀውም አክብሮት አለኝ። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቁጥሩ ከ0.0 ወደ 6.0 ሲሻገር በአልበሙ ላይ አንዲት ኖታ አልተጨመረችም፣ አንዲትም አልተቀነሰችም። የተለወጠው ሰሚው ነው። እንግዲያው መጀመሪያውኑ ጽሑፉ ስለ ሰሚው እውነቱን ቢነግረን፣ «ይህችን ሴት የምወዳት በዚያኛው አልበሟ ነው፤ ይህኛውን ስሰማ የከዳችኝ መሰለኝ» ቢለን ኖሮ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የሚታረም ቁጥር ባላስፈለገ ነበር። ያ ዐረፍተ ነገር በ2003ም እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው።

«ክላሲካል» የተባለ ካሴት

ሦስተኛው ፈተና ስም ነው። ሙዚቃው የተጠራበት ስም ጆሯችንን ቀድሞ ይዘጋዋል ወይም ይከፍተዋል። ለዚህ ከራሳችን ሰው የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን የሚጫወት ቡድን ሲሆን በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ካሴት ቀረጸ። በወጣትነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አወጣ። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ፒያኖና በዚያ ዘመን አዲስ የነበሩ ሲንተሳይዘሮች አነጠፈ፤ ከበሮውን ድራም ማሽን እንዲመታ አደረገ። ዘፋኝ የለም።

ዘፋኝ የሌለውን ሙዚቃ እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቃላችሁ። «ክላሲካል» እንለዋለን። የካሴቱ ርእስም ይህንኑ ቃል ይዟል። «ክላሲካል» ደግሞ በእኛ ዘንድ በነገሮች መካከል የሚሰማ ሙዚቃ ነው። ዜናው እስኪጀምር፣ ማስታወቂያው ሲነበብ ከሥር፣ እንግዳ ቤት እስኪሞላ። እኔ ባደግሁበት ቤት ክላሲካል ሲገባ ሰው ወሬውን የሚጀምርበት ሰዓት ነበር። ዘፈን ሲመጣ «ዝም በሉ» እንባላለን፤ ክላሲካል ላይ እንዲህ ያለ ሰው አላስታውስም። ስሙ ራሱ «ይህ አይደመጥም፤ ያጅባል» ይል ነበር። ስለሚያጅብ ነገር ማን ሂስ ይጽፋል?

ዓመታት አለፉ። ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረኩን ትቶ በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ይህንን ምስል አስቡት፤ ሰልፍ ላይ የቆመ ታክሲ፣ ውስጡ አንድ ባለሙያ፣ ማንም ሳያደምጠው ጣቶቹን የሚያለማምድ። ኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ ትንሽ ነጻ አሳታሚ ባለቤት፣ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አገኘው። ኃይሉን ፈልጎ አነጋገረውና በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ።

ያን ጊዜ የአሜሪካና የአውሮፓ ሃያስያን 28 ዓመት ያረጀውን ካሴት ከአዳዲሶቹ የኢንዲ አልበሞች ጎን አስቀምጠው ጻፉለት። እነሱ «ክላሲካል» የሚለው የእኛ ልማድ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ሰሙት። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀርጾ አወጣ። አንድ ትንሽ አሳታሚና ጥቂት በትጋት የሰሙ ሰዎች የአንድን ሰው ሕይወት መልሰው ወደ ሙያው አመጡት። ሂስ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው።

ግን እኔ የምቆጭበት ነገር አለ። እነዚያ ጸሐፊዎች ድምፁን ወደውታል፤ ሞቅ ያለ፣ እንግዳ፣ ሕልም የሚመስል ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያ ላይ ቆሙ። በዚያ ካሴት ላይ ያለውን አኮርዲዮን እኔና እናንተ ስንሰማው ግን ሌላም ነገር እንሰማለን። አኮርዲዮኑ የዘፋኙን ቦታ ይዟል። ዘፋኝ ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ እሱም ያርፋል፤ ድምፅ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ ጣቱ ያንቀጠቅጠዋል። ከሥሩ ያለው ማሽን አይደክምም፣ አይዘገይም፤ ከላይ ያለው ሰው ግን ይዘገያል፣ ይለምናል፣ ይመለሳል። የስደተኛ ኑሮ በዚያ ውስጥ ይሰማኛል፤ ሰዓት የማያሳልፍ የሥራ ቦታ ከታች፣ ቀስ የሚል ትዝታ ከላይ። ይህንን በአማርኛ የሚጽፍለት ሰው በ1985 ሊኖር ይገባ ነበር።

ጥሩ ምስክር ምን ይነግረናል

ከእነዚህ ታሪኮች ሦስት ነገር እወስዳለሁ። ሃያሲ ምን ያህል እንደሰማ ይንገረን። ምን ጠብቆ እንደነበር ይንገረን። ከዚያ የሰማውን ራሱን፣ ዘፈኑን ከፍተን ልናገኘው በምንችልበት መንገድ ይንገረን።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ቅንብሩ ድንቅ ነው፣ ግጥሞቹ ጥልቅ ናቸው፣ አልበሙ ደረጃውን የጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ላይ የአልበሙን ስም ለውጣችሁ ሌላ ብታስገቡ ምንም አይናጋም። ስለዚህ ምንም አልመሰከረም። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቤዙ ሲቋረጥ ዘፋኙ ብቻውን ይቀራል፤ ድምፁ ትንሽ ሲሰበር አልቆረጡትም፣ ትተውታል፤ ዘፈኑን ያመንኩት እዚያ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ግን ሊመረመር ይችላል። ከፍቼ እሰማለሁ። እስማማለሁ ወይም እቃወማለሁ። ምስክር ሲባል መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብለት ነው፤ ጥያቄ ሊቀርብበት የማይችል ጽሑፍ ሂስ አይደለም።

ዛሬ ይህ ሥራ ችግር ላይ ነው። ሜሎዲ ሜከር «ኪድ ኤ» በወጣበት ዓመት መጨረሻ ሕትመቱ ቆመ። ኤን ኤም ኢ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት በ2018 ሳምንታዊ የወረቀት ሕትመቱን አቆመ። በጥር 2024 የፒችፎርክ ባለቤት ኩባንያ መጽሔቱን ጂኪው በተባለው የወንዶች መጽሔት ሥር አድርጎ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ምክንያቱን ማወቅ አይከብድም። አልበሙ በወጣበት ደቂቃ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ይሰማዋል፤ ልግዛው ወይስ ልተወው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ግን አሁን ይበልጥ የሚያስፈልገን ይመስለኛል። ስልካችን የሚያቀርብልን ትናንት የሰማነውን የሚመስለውን ነው። የሚመስለውን ሲያቀርብ፣ እኛም የሚመስለውን ስንሰማ፣ ጆሯችን አንድ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ዐሥር ምት የሚቆጥረውን ኪቦርድ፣ ያሳፈረውን ኑዛዜ፣ «ክላሲካል» የተባለውን ካሴት የሚያመጣልን የማይመስለንን ነገር ቀድሞ የታገሠ ሰው ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ዕዳው ይከብዳል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 የሀገራችንን የባህል መሣሪያ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደበትን «ዘላለም» የተባለ አጭር አልበም ያወጣለት የኒው ዮርክ ነጻ አሳታሚ ነው፤ ስለዚያ ሥራ ማንበብ የፈለገ ሰውም በእንግሊዝኛ የሚያገኘው ከአማርኛው ይበልጣል። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ አገር ምድሩ ዘፈነው፤ ዘፈኑን ከፍቶ ምቱ ከየት እንደመጣ፣ ዜማው በየትኛው ቅኝት እንደቆመ ቁጭ ብሎ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ቅኝት፣ ምት፣ እንጉርጉሮ፣ ሽለላ የሚሉ ቃላት ያሉት ቋንቋ ይዘን «ይመቻል» ብለን ማለፍ የለብንም። ወጣቶቹ በየቤታቸው፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማይክሮፎን፣ ደጅ ሳይጠኑ እየቀረጹ ነው። የአምሃን መንገድ ይዘዋል። የጎደላቸው የሚሰማቸው ምስክር ነው።

ምስክርነቱን ለጋዜጠኞች ብቻ አልተውም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አዲስ አልበም ይወጣል፤ «እንዴት ነው?» ትባላላችሁ። ያን ጊዜ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ያ ወጣት አቀናባሪ በስልክ የጠየቀኝን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁልኝ። አራተኛውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምታችሁታል?